የትኛው ደንጊ ነው? በወረርሽኝ ወቅት የቫይረሱን ዓይነት ስለ መከታተል

ደንጊ ትኩሳት በተነሳበት ከተማ ሁሉ በየሳምንቱ የሚጠየቀው ስንት ሰው ታመመ፣ ስንቱ አልጋ ያዘ፣ ስንቱ ሞተ የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ይጎድለዋል። ደንጊ አንድ ቫይረስ አይደለም፤ ከ1 እስከ 4 የሚቆጠሩ አራት ዓይነቶች አሉት። አንዱ የያዘው ሰው ያንኑ ዓይነት ዳግመኛ አይታመመውም ማለት ይቻላል። ከሌሎቹ ሦስቱ የሚጠበቀው ግን ለጥቂት ወራት፣ ቢበዛ ለአንድ ሁለት ዓመት ነው። ያ ጊዜ አልፎ ሌላ ዓይነት ሲይዘው፣ ከፊተኛው ሕመም የቀሩት አንቲቦዲዎች (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራቸው ፕሮቲኖች) አዲሱን ቫይረስ ይይዙታል እንጂ አያመክኑትም፤ እንዲያውም ወደ ነጭ የደም ሕዋሳት እንዲገባ ያግዙታል። የደሙ ፈሳሽ ከሥሩ እያፈተለከ ግፊት የሚያወርደው ከባዱ ደንጊ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዚህ በሁለተኛው ዙር ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ በግልጽ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ነገር ከኩባ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በ1977 ደንጊ-1 ወደ ደሴቲቱ ገብቶ ግማሽ የሚጠጋውን ሕዝብ አዳረሰ፤ ሕመሙ ግን በአብዛኛው ቀላል ነበር። በ1981 ደንጊ-2 መጣ። በጥቂት ወራት 344,203 ታማሚዎች ተመዘገቡ፤ ከ10,000 በላይ የሚሆኑት በጽኑ ታመሙ፣ 158 ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ 101ዱ ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቫይረሱን የምታስተላልፈው ትንኝ በዘመቻ ተመትታ በሽታው ለዓመታት ጠፋ። በ1997 ያው ደንጊ-2 በሳንቲያጎ ደ ኩባ እንደገና ሲነሳ በጽኑ የታመሙትና የሞቱት አዋቂዎች ሆኑ፤ ከሃያ ዓመት በፊት ደንጊ-1 የያዛቸው ማለት ነው። ያን ጊዜ ያልተወለዱት ልጆች ግን ደንጊ-2 ቢይዛቸውም የመጀመሪያቸው ነበርና ቀለል ብሎላቸው አለፈ። የ1977ቱ ዓይነት ተለይቶ ባይመዘገብ ኖሮ ይህን ሁሉ የሚያስረዳ ሰው አይገኝም ነበር።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ፣ በጅቡቲ በ1991 እና 1992 የተነሳው ወረርሽኝ ደንጊ-2 ነበር። በ1994 ቫይረሱ በጂዳ ተገኘ። በ2013 ሞምባሳ ውስጥ ሦስት ዓይነቶች (1፣ 2 እና 3) በአንድ ወረርሽኝ ታዩ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ 2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ድሬዳዋ በአገራችን በላቦራቶሪ የተረጋገጠውን የመጀመሪያ የደንጊ ወረርሽኝ አስተናገደች፤ ከ11,000 በላይ ሰው ታመመ። የባቡሩና የከባድ መኪናው መስመር፣ የንግዱ ምልልስ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመለሰው ወገናችን፣ ሁሉም ቫይረሱን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ድሬዳዋም ሆነች ጎዴ ወይም የአፋር ከተሞች አዲስ ወረርሽኝ ሲገጥማቸው የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፈው የነበረው ነው ወይስ ሌላ?» መሆን አለበት። መልሱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሊገኝ ይችላል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

በቅድሚያ የትኛው ምርመራ ምን እንደሚናገር መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ናሙና የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። በጤና ጣቢያ የሚሠራው፣ ኤንኤስ1 የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልገው ፈጣን ምርመራ «ደንጊ ነው» ይላል፤ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። አይጂኤም የተባለው አንቲቦዲ ደግሞ ከትኩሳቱ አምስተኛ ቀን አካባቢ ጀምሮ የሚታይ ሲሆን፣ ዓይነት ካለመለየቱም በላይ ከቢጫ ወባ፣ ከዚካና ከዌስት ናይል ቫይረስ ጋር ይምታታል። ዓይነትን ከአንቲቦዲ ለይቶ ለማወቅ ሕያው ቫይረስ የሚፈልገው የማምከን ምርመራ አለ፤ ሆኖም ሁለተኛ ጊዜ በተያዘ ሰው ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው አንቲቦዲ ብዙውን ጊዜ የድሮው ዓይነት ስለሆነ ሊያሳስት ይችላል። በወረርሽኝ መሐል ዓይነቱን በአስተማማኝ የሚለየው አርቲ-ፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ የሚለይ ምርመራ) ነው፤ እሱም ቫይረሱ በደም ውስጥ ሳለ የተወሰደ ናሙና ይፈልጋል።

ይህ ጊዜ አጭር ነው፤ ትኩሳቱ ከጀመረበት አንሥቶ እስከ አምስተኛው ቀን። በሦስተኛው ቀን የተወሰደ ናሙና በሰባተኛው ቀን ከተወሰዱ አስር ናሙናዎች ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። እዚህ ላይ ለእኛ አገር የተለየ ወጥመድ አለ፤ የቀን አቆጣጠር። ታማሚው «መስከረም 5 ጀመረኝ» ይላል፤ ነርሱ 5/1 ብሎ ይጽፋል፤ ላቦራቶሪው ጃንዋሪ 5 ወይም ሜይ 1 ብሎ ያነበዋል። ከዚህ የሚከፋው ትንሹ ስሕተት ነው። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የቀን ልዩነት በተራ ዓመት እንኳ ከወር ወር ከ5 እስከ 10 ይለያያል፤ «ዘጠኝ ቀን ነው» ብሎ በልቡ ያሰላ ሰው የሁለተኛ ቀን ታማሚን የስድስተኛ ቀን አድርጎ ናሙናውን ሊያስጥል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቅጹ ላይ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ ከጎኑ ደግሞ «ትኩሳቱ ከጀመረ ስንተኛ ቀኑ ነው» የሚል ራሱን የቻለ ሳጥን ይኑር፤ ታማሚው ፊት ለፊት እያለ ይሞላ። ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን ዜሮ ይባል ወይስ አንድ የሚለውንም ሁሉም ጣቢያ አስቀድሞ ይስማማበት።

ከአዋቂ 5 ሚሊ ሊትር ደም በቂ ነው። ሴረም ከሆነ ደሙ ረግቶ በሴንትሪፊዩጅ ይለያል፤ ፕላዝማ ከሆነ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ያለበት ቱቦ ይሁን። ሄፓሪን ያለበትን ቱቦ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ ሄፓሪን ፒሲአሩን ያፍነዋል፤ ውጤቱም እንደ እውነተኛ ኔጌቲቭ ስለሚመስል ስሕተቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ደሙ ሳይለይ በረዶ እስኪሆን አይቀዝቅዝ፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ከፈነዱ ያው ችግር ይመጣል። ከተለየ በኋላ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሳጥን በ48 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ የማይደርስ ከሆነ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪና ከዚያ በታች ይቀመጥ። አንዴ የቀዘቀዘ ናሙና እየሟሟ እየቀዘቀዘ ከሄደ የቫይረሱ አርኤንኤ (ዘረመሉ) ይበጣጠሳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በሦስት ትናንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ ይቀመጥ፤ አንዱ ለምርመራ፣ አንዱ ለድጋሚ፣ አንዱ ለማከማቻ።

ስንት ናሙና ያስፈልጋል? የታመመ ሁሉ ይመርመር ማለት አይደለም። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ አንድ ዓይነት ከሚዘዋወረው ቫይረስ 10 በመቶውን ከያዘ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለማግኘት 95 በመቶ ዕድል የሚሰጠው 29 ፖዚቲቭ ናሙና ነው። ድርሻው 5 በመቶ ብቻ ከሆነ 59 ያስፈልጋል። ይህ የሚሠራው ግን ናሙናዎቹ ከተለያየ ቦታ ከመጡ ነው። ከአንድ ግቢ የመጡ አምስት ታማሚዎችን አንዲት ትንኝ ነክሳቸው፣ አንድ ዓይነት ቫይረስ ይዟቸው ሊሆን ይችላል፤ አምስት ተብለው ይቆጠሩ እንጂ የሚናገሩት የአንድ ያህል ነው። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ፣ በሳምንት አስር ፖዚቲቭ፣ ከሦስት አራት ቀበሌ፤ በሦስት ሳምንት 30 ይሞላል። መቶ ኪት ያለው ላቦራቶሪ በመጀመሪያው ሳምንት መቶውንም ከሚጨርስ በወረርሽኙ ዘመን ሁሉ ቢያከፋፍለው እመርጣለሁ። ከዚህ በተጨማሪ በጽኑ ታመው የተኙትን ለብቻ መርምሩ፤ ከሌሎቹ ጋር ግን አትደምሯቸው፤ የሆስፒታሉ ድርሻ የከተማው ድርሻ አይደለምና።

ፖዚቲቭ ለማግኘት በኤንኤስ1 አስቀድሞ ማጣራት ኪት ይቆጥባል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ሆኖም አንዳንድ የኤንኤስ1 ኪቶች ለአንዱ ዓይነት ከሌላው ያነሰ ንቃት አላቸው፤ ሁለተኛ ጊዜ የተያዘ ሰውንም ብዙ ጊዜ ያመልጡታል። በእነሱ ብቻ የተጣራ ናሙና የዓይነቶቹን ድርሻ ያዛባል። ስለዚህ በየሳምንቱ ጥቂት ኤንኤስ1 ኔጌቲቭ የሆኑ፣ የወባ ምርመራቸውም ኔጌቲቭ የሆነ፣ ትኩሳታቸው ገና ሦስት ቀን ያልሞላ ሰዎች አብረው ይላኩ። እዚህ ላይ ድሬዳዋን የሚያውቅ ይረዳኛል። በ2019 ቺኩንጉንያ በከተማዋ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሳመመ፤ በ2022 ደግሞ በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የወባ ወረርሽኝ አስነሳች። በርሜሉና ሮቶው የደንጊዋን ትንኝም የወባዋንም ያሳድጋል፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊታመም ይችላል።

ላቦራቶሪው ውስጥ የተለመደው አካሄድ ከ140 ማይክሮ ሊትር ሴረም አርኤንኤውን አውጥቶ በ60 ማይክሮ ሊትር መቀበል ነው። በስፋት የሚሠራበት የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) የደንጊ 1-4 ምርመራ አራቱንም ዓይነቶች በአንድ ቱቦ በአራት ቀለም ይለያል፤ ፋም ለ1፣ ሄክስ ለ2፣ ቴክሳስ ሬድ ለ3፣ ሳይ5 ለ4። 25 ማይክሮ ሊትር ውህድ፣ ከዚህ ውስጥ 5ቱ አርኤንኤ። በ50 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ በ95 ዲግሪ 2 ደቂቃ፣ ከዚያ 95 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድና 60 ዲግሪ ለ1 ደቂቃ እየተፈራረቀ 45 ዙር። ሲቲው (ቀለሙ መታየት የጀመረበት ዙር) 37 እና ከዚያ በታች ከሆነ ፖዚቲቭ ነው። ይኸው ተቋም ትሪዮፕሌክስ የሚል ሌላ ምርመራ አለው፤ ደንጊን፣ ቺኩንጉንያንና ዚካን ይለያል፤ የደንጊን ዓይነት ግን አይለይም። ሁለቱን አምታትቶ ያዘዘ ሰው ወረርሽኙ እስኪያልቅ ድረስ ዓይነቱን አያውቅም። ቺኩንጉንያ ባለበት ከተማ ግን በትሪዮፕሌክስ አጣርቶ፣ ደንጊ የሆኑትን ብቻ ወደ አራት ቀለሙ ማሳለፍ ጥሩ ሥርዓት ነው።

ቀለሙን ዙር በዙር የሚያነበው ሪል ታይም ማሽን ከሌለ በ1992 የወጣው የላንቺዮቲ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። በሁለት ዙር ፒሲአር ሠርቶ ጄል ላይ የመስመሩን ርዝመት ማንበብ ነው፤ 482 ከሆነ ደንጊ-1፣ 119 ደንጊ-2፣ 290 ደንጊ-3፣ 392 ደንጊ-4። አደጋው በሁለቱ ዙር መካከል ቱቦው ስለሚከፈት ብክለት በቀላሉ መግባቱ ነው። ሁለተኛው ዙር በሌላ ክፍል፣ በሌላ ፒፔት፣ በሌላ ጋዋን ካልተሠራ ውጤቱን አልቀበልም።

ስሕተቶቹ የየራሳቸው መልክ አላቸው። በአንድ ናሙና አራቱም ቀለም በ36 አካባቢ አብረው ከወጡ የፖዚቲቭ ኮንትሮሉ ፍንጣቂ ነው፤ አራቱን ዓይነት አንድ ላይ የያዘ ሌላ ነገር ክፍሉ ውስጥ የለምና። አንድ ቀለም በ18 ወጥቶ ሌላው በ35 ከተከተለ፣ ወይ የብርሃን መፍሰስ ነው (ማሽኑ ለቀለሞቹ በትክክል አልተስተካከለም)፣ ወይ ከጎረቤት ቱቦ የተረጨ ነው። ሁለት ዓይነት በአንድ ሰው ላይ በእውነት ይገኛል፤ ግን ከዋናው ቱቦ አርኤንኤው እንደገና ወጥቶ፣ ለየብቻ በአንድ በአንድ ቀለም ተሠርቶ ካልተደገመ «ጥምር» ብላችሁ አትጻፉ። የሰው ዘረመል መኖሩን የሚያሳየው አርኤንኤዝ ፒ ካልወጣ ናሙናው ኔጌቲቭ ሳይሆን ያልተሠራ ነው። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ኤንኤስ1 በግልጽ ፖዚቲቭ፣ ሁለተኛ ቀን፣ አርኤንኤዝ ፒ ጥሩ፣ አራቱም ቀለም ባዶ። አንድ እንዲህ ያለ ውጤት የቱቦ መለዋወጥ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሳምንት ሦስት አራት ከመጣ ቫይረሱ ፕራይመሩ (ምርመራው ቫይረሱን የሚይዝበት አጭር የዘረመል ቁራጭ) የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተለውጦ እያመለጠን ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ለሴኩዌንሲንግ (የዘረመሉን ፊደላት ለማንበብ) ይላክ።

ውጤቱ ሲጻፍ ድርሻው የሚሰላው ዓይነቱ ከተለየው ላይ እንጂ ከተመረመረው ሁሉ ላይ አይደለም፤ ያልተለየው ለብቻ ይጻፍ። ሳምንቱም ትኩሳቱ የጀመረበት ሳምንት ይሁን፤ ላቦራቶሪው የሠራበት ሳምንት ከሆነ ሪኤጀንት ዘግይቶ የመጣበት ጊዜ ሁሉ የዓይነት ለውጥ መስሎ ይታያል። ታማሚው ባለፉት ሁለት ሳምንታት የሄደበት ከተማ መመዝገብ አለበት። የአንድ ዓይነት ድርሻ ከአስር ናሙና ዘጠኝ የነበረው ሰባት ቢሆን ምንም ማለት አይደለም። አዲስ ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ግን፣ ከዋናው ቱቦ ተደግሞ ከተረጋገጠ፣ አንድም ቢሆን በዚያው ቀን ይነገር። ሲንጋፖር በ2007 መጀመሪያ ላይ ደንጊ-2 የደንጊ-1ን ቦታ መውሰዱን ያየችው በእንዲህ ያለ ቋሚ ክትትል ነው፤ በዚያው ዓመት ወረርሽኙ ተነሣ።

ዓይነቱ መታወቁ መድኃኒት አይለውጥም፤ ለአራቱም ያለው ፈሳሽ፣ ፓራሲታሞልና ክትትል ነው፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ለአራቱም ክልክል ናቸው። የሚለወጠው ዝግጅቱ ነው። ከዚህ ቀደም ደንጊ በነበረበት ከተማ ሌላ ዓይነት ከገባ፣ ያኔ የታመሙት ዛሬ ስንት ዓመት እንደሆናቸው አስሉ፤ አልጋው፣ በሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ የሄማቶክሪት (የደም መወፈር) ምርመራው በዚያ ዕድሜ ልክ ይዘጋጅ። ትኩሳቱ በረደ ተብሎ ወደ ቤት የሚላከው ሰው ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ድካምና መፍዘዝ ካየ ወዲያው እንዲመለስ ይነገረው። ክትባት ለሚያቅዱም ይህ መረጃ ወሳኝ ነው። ፊሊፒንስ በ2016 ጀምራ ከ800,000 በላይ ልጆችን ከከተበች በኋላ በ2017 መጨረሻ ያቆመችው፣ ክትባቱ ከዚያ በፊት ደንጊ ላልያዘው ልጅ እንደ መጀመሪያ ሕመም ሆኖ ለከባዱ በር እንደሚከፍት አምራቹ ራሱ ሲያሳውቅ ነው።

ዓይነት ብቻውን ሁሉንም አይናገርም። በፔሩ ኢኪቶስ ከተማ በ1990 ደንጊ-1 ገባ፤ በ1995 ደንጊ-2 ተከተለ። በኩባው ሒሳብ ብዙ ሰው ሊሞት ነበር፤ ከባድ ሕመም ግን አልታየም። ደንጊ-2 ነበር፣ ግን አሜሪካዊ የሚባለው የዘር ሐረጉ ነበር። በብራዚል ጎያስ ደግሞ በ2021 መጨረሻ የተወሰደ ናሙና ሴኩዌንስ ሲደረግ ኮስሞፖሊታን የሚባለው የደንጊ-2 ሐረግ አገሪቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። በአራት ቀለሙ ፒሲአር ግን «ደንጊ-2፣ የምናውቀው» ተብሎ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀበሌና ከእያንዳንዱ ወር ጥቂት ናሙና ለሴኩዌንሲንግ ይመረጥ፤ ሲቲው ከ30 በታች የሆነ። የቫይረሱ ዘረመል 10,700 ያህል ፊደል ስለሆነ 400 ፊደል በሚያህሉ ተደራራቢ ቁርጥራጮች ተባዝቶ ሚንአዮን በተባለው አነስተኛ የሴኩዌንሲንግ ማሽን ይነበባል። የፕራይመሮቹ ፊደላት ከንባቡ ይቆረጡ፤ ካልተቆረጡ የቫይረሱን ሳይሆን የፋብሪካውን ፊደል ታነባላችሁ። ከ20 ጊዜ በታች የተነበበው ቦታ በግምት አይሞላ፤ ባዶ ይተው። ለየዓይነቱ የተለየ ፕራይመር ስላለ መጀመሪያ ፒሲአሩ ዓይነቱን መለየት ይኖርበታል።

ትንኞችን መመርመርም ይቻላል፤ ሴቶቹን ኤዲስ ኤጂፕቲ (የደንጊዋን ትንኝ) በቦታና በቀን እስከ 25 ወይም 50 አንድ ላይ አድርጎ መፍጨት ነው። ቫይረሱ የሚገኝባቸው ግን በጣም ጥቂት ስለሆኑ ኪት ሲያንስ ቅድሚያው ለሰው ናሙና ይሁን።

የማከማቻው ቱቦ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጣል። በረዶ በራሱ የሚያቀልጥ የቤት ፍሪዘር አይሆንም፤ በረዶውን ለማቅለጥ በየጊዜው ስለሚሞቅ ናሙናውን ያበላሸዋል። መብራት ሲጠፋ የፍሪዘሩ በር እንዳይከፈት፣ ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ናፍጣውን ማን እንደሚሞላ በጽሑፍ በሩ ላይ ይለጠፍ። ቱቦው ላይ ስም አይጻፍ፤ መለያ ቁጥር፣ ዓይነቱ፣ ሲቲው፣ ቀበሌውና ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ያው መዝገብ በወረቀትም በኮምፒውተርም፣ ቢቻል በሁለት ከተማ ይቀመጥ። ይህን ሦስተኛውን ቱቦ ለተራ ድጋሚ ምርመራ አትክፈቱት፤ የሚከፈተው አዲስ ዓይነት ወይም አዲስ ሐረግ ሲጠረጠር ለማነጻጸር ብቻ ነው።